ስልኳን ሲከፍት የማንን ጓዳ ከፈተ?

ዛሬ አንድ ጥያቄ ላስቀድምና ወደ ጨዋታችን እንግባ። ፍቅረኛችሁ «የምትደብቂኝ ነገር ከሌለ የስልክሽን ፓስዎርድ ስጪኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «እንካ» የምትሉ አላችሁ። «ምን ቆርጦህ!» የምትሉም አትጠፉም። ብዙዎቻችሁ ግን፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ፓስዎርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ሽንት ቤት ገብታችሁ መልእክት ስትሰርዙ ትቆያላችሁ። የምትሰርዙት የግድ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አይደለም። አንዱ የጓደኛ ምስጢር ነው። አንዱ የእናት ሕመም ነው። አንዱ የብድር ልመና ነው። የሌላ ሰው አደራ ነዋ!

ብዙ ሰው ይህን የፍቅረኞች ጭቅጭቅ አድርጎ ያልፈዋል። ወረታ ሰንብቼ የሰማሁት ታሪክ ግን ጉዳዩ ከቅናት እጅግ የሰፋ መሆኑን ያሳያል። ባለታሪኳ ታሪኩን ያጫወተችኝ እህቷን በሰው በኩል አስፈቅዳ ነው። እህትየዋም «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ይጻፍ፤ ያለሁበት አገር ግን አይጠራ» ብላለች። ስለዚህ ስምም አገርም አትጠብቁ።

ነገሩ ወዲህ ነው

ወረታን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት፣ የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዝ ብላችሁ ሩዝ! ባለታሪካችን በዚችው ከተማ አንድ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሒሳብ ትይዛለች። ዕድሜዋ 24 ነው። እጮኛዋ 29 ዓመቱ ሲሆን በወረታና በባሕር ዳር መካከል እየተመላለሰ ይነግዳል። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ታላቅ እህቷ፣ እሷ «እታለም» እያለች የምትጠራት፣ ዓረብ አገር ከሄደች 3 ዓመት ሆኗታል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ደግ እመቤት ገጥሟት ከአንድ ቤት ረግታ እንደምትሠራ ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። የአሠሪዋ ልጅ ደፍሯት፣ ሌሊት አምልጣ ወጥታ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት ከአገሯ ልጆች ተጠግታ እየተደበቀች ትሠራለች። ይህን የሚያውቅ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ታናሽ እህቷ ናት። «እናታችን ደም ግፊት አለባት። ስመጣ እኔው በአፌ እነግራታለሁ። እስከዚያ አፈር ስሆን ለማንም እንዳታወጪ» ብላ አስምላታለች።

እታለም ስታመልጥ ስልኳን ጥላው ስለወጣች የምትጽፈው በአንድ ያገሯ ልጅ ስልክ ነበር። ዋትሳፑ ላይ የልጁ ፎቶ አለ። የምትጽፈውም ሥራ ስትጨርስ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ነው። ለቅናት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እጮኛው አንድ ምሽት የልጅቷ ስልክ ሲበራ የወንድ ፎቶ አየ። ከጎኑ «የኔ ውድ፣ ተኛሽ እንዴ?» ይላል።

አልጠየቃትም። በነጋታው «ስልክሽ ተንቀራፏል፣ ላስተካክልልሽ» ብሎ ተቀበላትና አሥር ደቂቃ ለብቻው ያዘው። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ዋትሳፗን ከራሱ ሁለተኛ ስልክ ጋር አገናኝቶ መለሰላት። ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ4 ወር የሚጻፍላትን ሁሉ እኩል ሲያነብ፣ የድምፅ መልእክቱንም ሲያዳምጥ ኖረ። የምትጽፈው ወንድ ሳይሆን እህቷ መሆኗን ያወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልብ አድርጉልኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት!

ኅዳር ላይ በሠርጉ ወጪ ተጣሉ። እሷ ካጠራቀመችው ላይ ለእህቷ መመለሻ ልልክ ነው አለች። እሱ ገነፈለ። አክስቷ ቡና እያፈላች በተቀመጠችበት «ተደፍራ ለጠፋች እህትሽ ሲባል ነው የኔ ሠርግ የሚጎድለው?» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ወሬው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናት ዘንድ ደረሰ። እናት ታመው ባሕር ዳር ሆስፒታል ገቡ። እታለም የሆነውን ስትሰማ አንድ የድምፅ መልእክት ብቻ ላከች። «በኔ ገመና ጠላ ጠጣችሁበት?» አለችና እህቷን ብሎክ አደረገቻት።

ልጅቷ «ይህን ማን ነገረህ?» ብላ አፋጠጠችው። «ሰው ነው» አለ። ማን ሰው? ከእሷና ከእህቷ ሌላ የሚያውቅ የለም! ኋላ ስልክ የሚገባው የአጎቷ ልጅ ዋትሳፗን ከፍቶ «ሊንክድ ዲቫይስ» የሚለውን ሲነካው፣ የእሷ ያልሆነ ስልክ ተደርድሮ ተገኘ።

እንግዲህ ተመልከቱ። የተከፈተው ስልክ የታናሺቱ ነው። የተገለጠው ጓዳ የታላቂቱ ነው። የታመሙት ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር በእጃቸው ይዘው የማያውቁት እናት ናቸው።

እሱስ ምን ይላል?

የአንድ ወገን ሰምቶ መፍረድ ደግ ስላልሆነ ልጁንም አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያወራም ቀና ብሎ ነው። «ጋሼ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰሙም?» አለኝ። ከዚህች በፊት የነበረችው ፍቅረኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌላ ሰው ጋር እየሄደች እሱ ከተማው ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው የሰማው። «ዳግመኛ መሳቂያ አልሆንም ብዬ ማልኩ» አለ።

ይህ ቁስል እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ወንድ አለመሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ካወቅህ፣ በነጋታው ለምን አልዘጋኸውም?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ለመድኩት» አለኝ። «ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው የሷን መልእክት ሆነ። አንድ ነገር አላገኘሁባትም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደድኳት። ግን መተው አቃተኝ።»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ? ስለላ ጥርጣሬን የሚያጠፋ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ በሳምንቱ በዳነ ነበር። ግን አልዳነም። ንጹሕ መሆኗን አይቶም ነገ የሚጻፈውን ለማየት ይጓጓል። ያየ ሰው የሚያየው ነገር አያልቅበትም። «አንዴ አይቼ ልረፍ» የምትሉ ሁሉ ይችን ያዙልኝ፤ አንዴ አይቶ ያረፈ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ማማና ስልክ

ፎገራ ያደገ ሰው ጥበቃ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ ዳር ተነሥቶ የተዘረጋ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ያጥለቀልቁታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሩዙ ያሽታል። ያኔ ወፍ ይመጣል። ከማሳው ዳር ማማ ይሠራና ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ልጅ ይወጣበታል። ያም ጥበቃ ነው፤ ያም ሌላውን ማየት ነው። ታዲያ ከዚህኛው በምን ይለያል?

በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ማማ ላይ ያለውን ጠባቂ ሰው ሁሉ ያየዋል። እሱ ያያል፣ እሱም ይታያል። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀው የራሱን ወይም የቤተሰቡን ማሳ ነው እንጂ የጎረቤቱን ጓዳ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሩዙ ታጭዶ ሲገባ ከማማው ይወርዳል። ስልኳ ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን ተደብቆ ነው፣ የሚያየው የሰው ነው፣ መውረጃ ቀንም የለውም። አንድ ሰው «እየጠበቅኩህ ነው» ሲላችሁ እነዚህን ሦስቱን ጠይቁት፤ እታያለሁ ወይ? የማየው የራሴን ነው ወይ? መቼ ነው የምወርደው? ይህ ለባል፣ ለአሠሪ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንግሥትም ይሠራል።

ድሮስ ምስጢር ነበረን ወይ? የምትሉ ትኖራላችሁ። መቼስ በእኛ አገር ደጃፍ ተዘግቶ አይዋልም፤ ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል። ልክ ናችሁ። ደብዳቤ እንኳ በአማላጅ ነበር የሚነበበው። ከሩቅ የተላከ ደብዳቤ ሲደርስ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ለእናት ያነብላቸዋል። ያ ልጅ የመንደሩን ገመና ሁሉ ያውቃል። ግን ተጠርቶ ነው የመጣው። ባለደብዳቤዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነው። ይህን አውጥቶ ያወራ እንደሆነ ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም። «ገመና» የሚለው ቃላችን የምስጢር ብቻ ስም አይደለም። ሰው ሊሸፍንልህ የሚገባው ነገር ማለት ነው። ገመና ሸፋኝ ይመረቃል፤ ገመና ገላጭ ይረገማል።

መጥፎውም የኛው ነው። ሌባ ሻይ የሚባለውን ታውቁታላችሁ? ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ ይለቀቃል። ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል። ከማን ቤት ገብቶ ከወደቀ ያ ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ይህ በየቤቱ የመግባት ሥልጣን ስንት ንጹሕ ሰው እንዳስከፈለ ፈጣሪ ይወቀው፤ በመጨረሻ ተከለከለ። ዘመናዊው የስልክ ስለላ ከሌባ ሻይ የሚመሳሰልበት ነገር አለው። እጮኛው የወንድ ፎቶ አየና እዚያ ወደቀ። ማሽኑ ያሳየውን እንጂ የነገሩን ውስጥ አላየም።

ከዚያም ደርግ በቀበሌው፣ ኢሕአዴግ በአንድ ለአምስቱ ሰውን እርስ በርስ አስተያይተውታል። እኛ እንግዲህ «ማን ምን አለ» እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። ይህ ልማድ ቤታችን ገብቶ ትዳር ውስጥ ተኝቶ ብናገኘው ምን ያስደንቃል?

ትልቁ ጆሮ

«አንተ ስለ ፍቅረኞች ታወራለህ፣ ዋናው ጠላፊ መንግሥት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። የሁለቱም ባሕርይ አንድ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ለደኅንነቱ ሲባል ፍርድ ቤት የሚታወቀው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ገባ። የገባው በኢሜይል ከመጣ ሰነድ ጋር ተጣብቆ ነው። የስካይፕ ንግግሩን ይቀዳ ነበር። የሚገርመው፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር እንኳ ተመዝግቦ እንደነበር በክሱ ተጽፏል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት አንድ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ሊከሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው።

አያችሁ፣ እዚህም የተፈለገው አባት ነው፤ የተነበበው ግን የልጅ የቤት ሥራ ነው። እንደ ወረታዋ ልጅ ሁሉ!

እሱ ብቻም አይደለም። ሲቲዝን ላብ የሚባለው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም እ.ኤ.አ. የካቲት 2014 ባወጣው ጥናት የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ ዒላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት ስለተባለው የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ አወጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 ባወጣው ዘገባ፣ ተይዘው ሲመረመሩ የገዛ የስልክ ንግግራቸው ተቀድቶ የተሰማባቸውን ሰዎች ቃል አስነብቧል። ያንን የሰማ ሰው ከዚያ ወዲህ ለእናቱ ሲደውል እንኳ ቃል እየመረጠ ነው። የስለላ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው፤ ያልተሰማውንም ሰው ዝም ያሰኛል።

የአማራ ክልል ሰው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ሰው ወደ ተራው ጥሪና ወደ ኤስኤምኤስ ተመለሰ። ዋትሳፕ ላይ የሚጻፈው ከላኪው እስከ ተቀባዩ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ ተራው ኤስኤምኤስ ግን እንደዚያ አይቆለፍም። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚቀረን ይበልጥ የሚሰማው መሥመር ነው ማለት ነው። በመንገድ ላይ «ስልክህን ክፈት» የተባለ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ቁልፉ ሁሉ በአንድ ጣት ይከፈታል። የዋትሳፕ ቁልፍ መንገድ ላይ ያለን ሌባ ይከለክላል እንጂ ስልኩን በእጁ የያዘን ሰው አይከለክልም። የወረታዋን ልጅ ያጠቃት ትልቅ ኩባንያ የሸጠው መሣሪያ አይደለም፤ የአሥር ደቂቃ እምነት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«የራሴን እጮኛ ስልክ ባየሁ ሕግ ምን አገባው?» ይል ይሆናል አንዳንዱ። ያገባዋል!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንም ሰው የግል ሕይወት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል። በፖስታ የሚላከውን ደብዳቤም በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት በስም ጠቅሶ ይጠብቃል። ባለሥልጣንም ቢሆን ይህን ሊነካ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 31 እንደሚለው፣ ምስጢር ያለበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ያን ምስጢር ሊገልጥ አይችልም። ዋትሳፕ ይቅርና ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ሕግ ነው! ምን ማለት ነው? የእታለም መልእክት በታናሽ እህቷ ስልክ ላይ ቢቀመጥም ምስጢሩ የእታለም ነው። ታናሽዬዋ እንኳ እንደልቧ የማታወጣውን ነገር ሦስተኛ ሰው ሰርቆ አነበበው። እዚያው አንቀጽ 27 ላይ ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ተከልክሏል። የቀድሞ ፍቅረኛችሁን ፎቶ ቴሌግራም ላይ «ልለጥፍባት» የምትሉ፣ ሰምታችኋል?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 606 ያለ መብት የሰውን መልእክት መክፈትን በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ያደርገዋል። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ሰርስሮ መግባትንም ግንኙነት መጥለፍንም ወንጀል ብሏል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይህኛው በዋናነት የእናንተን መረጃ ሰብስበው ለሚይዙ ተቋማት ነው። «እጮኛዋ ነኝ»፣ «ባሏ ነኝ» የሚል ፈቃድ ግን ከእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ስልካችሁን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ወሬ ብቻ አይደለምና ይኼን አሁኑኑ ሥሩት።

ዋትሳፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ነክታችሁ «ሎግ አውት» በሉት። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚል አለ፤ እዚያ ከእናንተው ስልክ ሌላ ያለውን ሁሉ በአንዴ ማስወጣት ይቻላል። ሁለቱም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን ሁለተኛ ቁልፍ አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁን ቁጥር ለማንም፣ «በስህተት ወዳንቺ ተልኮብኝ ነው» ላለ ሰውም ቢሆን አትስጡ። ጉግል ማፕ ላይ ያላችሁበትን ቦታ ለማን እንደምታጋሩ እዩ። ስልክ ለጥገና ስትሰጡ ሚሞሪውን አውጡ፤ የሚቻል ከሆነም እዚያው ቁጭ ብላችሁ አሠሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የሚሰልላችሁ ሰው እጁን የሚያነሣ ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት አስቡ። በዘጋችሁበት ቅጽበት ያውቃል። መጀመሪያ ስክሪኑን በሌላ ሰው ስልክ ፎቶ አንሡና ማስረጃ አስቀምጡ፤ ለምታምኑት ዘመድ ንገሩ፤ የምታድሩበትን ቦታ አዘጋጁ። ከዚያ ዝጉ።

ለባለታሪኳ የምለው

«ጋሼ፣ ላግባው ወይስ ልተወው?» ብላኛለች። አዎን ወይም አይደለም ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን ሠርጉ ከመታሰቡ በፊት የሚቀድም ሰው አለ።

እህቴ፣ መጀመሪያ እታለም። ብሎክ አድርጋኛለች ብለሽ አትቀመጪ። ያገሯ ልጅ ስልክ አለ፤ በእሱ በኩል አንድ መልእክት ላኪ። «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» እያልሽ ራስሽን ለማዳን አትጻፊ። የሆነውን ከነቀኑ ንገሪያት፤ ማን እንደሰማ፣ ማን እንዳልሰማ ዘርዝሪላት። ምስጢሯ የት የት እንደደረሰ ማወቅ መብቷ ነው፤ ለደኅንነቷም ያስፈልጋታል። ያጠራቀምሽውንም ገንዘብ እንዳልሽው ላኪላት።

ሁለተኛ፣ ጥር ወር ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ጌሾው ተገዝቷል ተብሎ አይገባም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። አስተላልፊውና ልጁን እይው። ሦስት ነገር እይ። አክስትሽ ፊት ያወጣውን ነገር በሽማግሌ ፊት «ሰርቄ ነው ያነበብኩት» ብሎ በራሱ አፍ ይናገራል ወይ? ይቅርታውን ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለእህትሽና ለእናትሽ ያደርሳል ወይ? አላየሁትም፣ አላነበብኩትም ብሎ መኖር ይችላል ወይ? ሦስቱንም ከቻለ ሰው ይሳሳታል፣ ይመለሳልም። «ላገባሽ ስለሆነ መብቴ ነው» ካለ ግን ከሠርጉ በኋላ ስልክሽ ብቻ አይደለም የሚፈተሸው።

ሽማግሌዎቹ «ሁለታችሁም ፓስዎርዳችሁን ተለዋወጡና ይብቃ» ብለው እንደመከሩ ነግራኛለች። አባቶቻችን ለማስታረቅ ብለው ነው፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። የራስሽን ገመና ለባልሽ ልትሰጪ ትችያለሽ። የእታለምን ልትሰጪ አትችይም፤ ያንቺ አይደለማ! ስልክሽ ውስጥ የሚኖሩት ሁሉ እሺ ካላሉ ፓስዎርዱ ያንቺ ብቻ አይደለም።

እናንተም፣ በጥርጣሬ የምትቃጠሉ አንባቢዎቼ፣ ማወቅ የሚገባችሁን ነገር በፊት ለፊት መጠየቅ ትችላላችሁ። ከጋብቻ በፊት አብራችሁ ሄዳችሁ ደም ትመረመራላችሁ አይደል? ማንም «ሰለልከኝ» አይልም፤ ሁለታችሁም ስለምታውቁት። ሌላውንም እንዲሁ ጠይቁ። መልሱን ማመን ካቃታችሁ ደግሞ ተለያዩ። ለመለያየት እኮ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ዳኛ ፊት አልቆማችሁም። «አላምንህም» ራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ የሰው ጓዳ ከመዝረፍም ይሻላል።

ይህን ስጽፍ እናት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። ልጃቸው እንድትመለስላቸው ነው የሚፈልጉት፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሠርጉ ለጊዜው ቆሟል። እጮኛው አንዱን ፈተና፣ በሽማግሌ ፊት መናገሩን፣ አልፏል። ሁለቱ ይቀሩታል።

እስኪ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ታገባው? ሐሳባችሁን ጻፉልን። የራሳችሁን ታሪክ ከሆነ በደስታ እንቀበላለን፤ የሌላ ሰው ገመና ያለበት ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱልን።

ቸር ይግጠመን!